«ጨርሻለሁ» እና «አቋርጧል»፦ የደም ግፊት ታካሚዎች መረዳትና የመድኃኒት ቁርኝት ታሪክ

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ እሠራበት በነበረ አንድ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል፣ የሃምሳ ስምንት ዓመት ልብስ ሰፊ ቀኝ ጎናቸው ዝሎ፣ አፋቸው ተጣሞና አንደበታቸው ተሳስሮ መጡ። የደም ግፊታቸው 220 በ130 ነበር። ካርዳቸው ከካርድ ክፍል ሲወጣ፣ ከአምስት ወር በፊት በተመላላሽ ሕሙማን ክፍል ታይተው እንደነበርና ሁለት ዓይነት መድኃኒት እንደታዘዘላቸው የሚገልጽ ጽሑፍ ተገኘበት። የእጅ ጽሑፉ የእኔው ነው። በዚያ ሌሊት ተረኛ የነበረው ሐኪም ከሥሩ፣ በተለመደው የእንግሊዝኛ አጻጻፋችን፣ «መድኃኒቱን አቋርጧል» ብሎ መዘገበ። በሦስተኛው ቀን አንደበታቸው ጥቂት ሲፈታ ለምን እንዳቋረጡ ጠየቅኋቸው። ቅር መሰኘታቸው ከፊታቸው ይነበብ ነበር። «አላቋረጥኩም ልጄ፤ ያዘዝክልኝን አንድም ሳላስቀር ጨርሻለሁ» አሉኝ።

እውነታቸውን ነበር። ሴት ልጃቸው ከቦርሳዋ ያወጣቻቸው ሁለት ባዶ የመድኃኒት ከረጢቶች በላያቸው «በቀን 1፣ 30 ፍሬ» ተብሎ ተጽፎባቸዋል። ሠላሳውን ፍሬ በሠላሳ ቀን ውጠዋል፤ ራስ ምታታቸው ተሽሏቸዋል፤ እንደ ወባ ወይም እንደ ሳንባ ምች ሕክምና፣ መድኃኒቱ ሲያልቅ በሽታውም ያለቀ መስሏቸዋል። የሰጠኋቸውን ቀጠሮም ካልተሻላቸው ብቻ የሚመለሱበት አድርገው ተረድተውታል። እኔ «ለሕይወት ዘመን የሚወሰድ ነው» ብዬ ነግሬአቸው እንደሆነ ዛሬ በእርግጠኝነት መናገር አልችልም። ብናገርም፣ ከበር ውጭ አርባ ሰው ተሰልፎ ሳለ፣ ብዕሬን ከወረቀቱ ሳላነሳ የተናገርኩት አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር።

አንዱ ድርጊት በታካሚው አንደበት «ጨርሻለሁ»፣ በሐኪሙ ብዕር «አቋርጧል» የተባለበት ምክንያት ከዚያ ወዲህ ሲከነክነኝ ቆይቷል። የችግሩን ሥር ለማወቅ የደም ግፊት ሕክምናን ታሪክ ወደ ኋላ ሄጄ ስመረምር፣ ነገሩ እኔንና እኚህን ሰው ብቻ የሚመለከት አለመሆኑን ተረዳሁ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ «ዓ.ም.» ካልተባለ በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የደም ግፊት ከጅምሩ ሐኪሙ የሚያውቀው፣ ታካሚው ግን የማይሰማው ሕመም ሆኖ ነው የተወለደው። እንግሊዛዊው ቄስ ስቲቨን ሄልስ በ1733 ባሳተመው መጽሐፍ በፈረስ ደም ሥር ቱቦ አስገብቶ ደሙ ምን ያህል ከፍታ እንደሚወጣ መለካቱን ገልጿል። በሰው ላይ ያለ ጉዳት መለካት የተቻለው ግን ጣሊያናዊው ሪቫ ሮቺ በ1896 ክንድ ላይ የሚታሰረውን መለኪያ ካስተዋወቀና ሩሲያዊው ኮሮትኮፍ በ1905 በማዳመጫ የሚሰማውን ድምፅ ከገለጸ በኋላ ነው። ወባ ያንቀጠቅጣል፤ የሳንባ ነቀርሳ ያስላል፤ ታማሚውም ሐኪሙን ራሱ ይፈልጋል። በደም ግፊት ግን በሽታው በታካሚው አካል፣ ማስረጃው በሐኪሙ ጆሮ ሆነ። ታካሚው ማድረግ የሚችለው ማመን ብቻ ነው።

ለረጅም ጊዜ ደግሞ ማመን እንኳ አይጠየቅም ነበር፤ አይነገረውምና። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት በመጋቢት 1944 በወጣቱ የልብ ሐኪም ሃዋርድ ብሩን ሲመረመሩ ግፊታቸው 186 በ108 ሆኖ ተገኘ፤ የልብ ድካምም ነበረባቸው። ዲጂታሊስና ጨው የቀነሰ ምግብ ታዘዘላቸው። ብሩን ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በ1970፣ ባሳተመው ጽሑፍ እንደሚረዳው ፕሬዚዳንቱ ስለ ሕመማቸው አልተነገራቸውም፤ እርሳቸውም አልጠየቁም። ለሕዝብ የተነገረው ጤናማ መሆናቸው ነበር። ሚያዝያ 12 ቀን 1945 በአንጎል ውስጥ በፈሰሰ ደም ሲሞቱ ግፊታቸው ከ300 በላይ በ190 ነበር። በዘመኑ ቢነገራቸውስ ምን ሊያደርጉ ይችሉ ነበር ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በጊዜው ይህ ነው የሚባል መድኃኒት አልነበረምና። መድኃኒት ከመጣ በኋላም ያለመንገር ልማዱ ግን ቶሎ አልለቀቀንም።

መድኃኒቶቹ የመጡት በቀጣዮቹ ዓመታት ነው። የመጀመሪያዎቹ ለታካሚ የሚራሩ አልነበሩም። ሄክሳሜቶኒየም ሲቆሙ ይጥላል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ዓይን ያደበዝዛል፤ ሬዘርፒን አንዳንዱን ሰው ጥልቅ ትካዜ ውስጥ ይከታል። ምንም ሕመም የማይሰማውን ሰው የሚያሳምም መድኃኒት ማስዋጥ ምን ያህል ከባድ እንደነበር መገመት አያዳግትም። በ1950ዎቹ መጨረሻ የመጣው ሽንት የሚያበዛው ክሎሮታያዛይድ ነገሩን አቀለለው። ያም ሆኖ መድኃኒቶቹ በእርግጥ ሕይወት ማዳናቸው ገና አልተረጋገጠም ነበር።

ያረጋገጠው የዶክተር ኤድዋርድ ፍሪስ ቡድን ነው። በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች የተካሄደውና በ1967 የታተመው ጥናት 143 ወንዶችን ያካተተ ሲሆን የታችኛው ግፊታቸው ከ115 እስከ 129 ነበር። የማስመሰያ ክኒን ከወሰዱት 70 ሰዎች መካከል 27ቱ ከባድ ጉዳት ሲደርስባቸው፣ እውነተኛውን መድኃኒት ከወሰዱት 73 መካከል ጉዳት የደረሰባቸው ሁለት ብቻ ነበሩ። በሕክምና ትምህርት ቤት ይህን ቁጥር የማያውቅ የለም። ብዙዎቻችን የማናውቀው ግን ወደ ጥናቱ ስለተገባበት በር ነው። ፍሪስ ሰዎቹን ከመመደቡ በፊት ለጥቂት ወራት ሪቦፍላቪን የተጨመረበት ክኒን ይሰጣቸው ነበር። ሪቦፍላቪን የወሰደ ሰው ሽንት በልዩ ብርሃን ሲታይ ያበራል። ሽንቱ ያላበራ፣ ክኒኑ ሲቆጠር የተረፈበት ወይም በቀጠሮው ያልተገኘ ሰው ወደ ጥናቱ አልገባም። እንግዲህ ዛሬም የምንመካበት ማስረጃ የተገኘው መድኃኒታቸውን በሚወስዱ ሰዎች ላይ ነው። ፍሪስ ይህን ማድረጉ ስሕተት አልነበረም፤ ጥያቄው መድኃኒቱ ይሠራል ወይ የሚል ስለነበር። በበሩ የተመለሱት ሰዎች ግን ወዴት ሄዱ? ወደ እኛ ተመላላሽ ክፍል ነው የመጡት።

ከእነዚህ ከተመለሱት ጉዳይ የተነሡት በካናዳ የማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ዴቪድ ሳኬትና ብራያን ሄይንስ ናቸው። በሃሚልተን ከተማ የብረት ፋብሪካ ሠራተኞች ላይ ያደረጉት፣ በ1975 የታተመው ሙከራ፣ በእኔ አስተያየት፣ ከፍሪስ ጥናት ባልተናነሰ ሊጠና የሚገባው ነው። ግፊት ያለባቸውን 230 ሠራተኞች በዕጣ መደቡ። ገሚሶቹ በሥራ ሰዓት እዚያው ፋብሪካው ውስጥ በሚገኝ ሐኪም እንዲታዩ ተደረገ፤ ሰልፍ የለም፣ መንገድ የለም፣ የሚቀር ደመወዝ የለም። ገሚሶቹ ደግሞ ስለ ደም ግፊት ምንነት፣ ስለሚያስከትለው ጉዳት፣ ስለ መድኃኒቱ ጥቅምና ክኒን ስለማስታወሻ ዘዴዎች በሚገባ የተዘጋጀ ትምህርት ተሰጣቸው። ትምህርቱ ለይስሙላ አልነበረም፤ ሠራተኞቹ በእርግጥም ተምረዋል፤ ሲጠየቁ ካልተማሩት እጅግ በልጠው መልሰዋል። ከስድስት ወር በኋላ ክኒኖቻቸው ሲቆጠሩ ግን በተማሩትና ባልተማሩት መካከል ልዩነት አልተገኘም። የሐኪሙ ቅርበትም ለውጥ አላመጣም።

ይህን ውጤት መጀመሪያ ያነበብኩ ዕለት ተናደድኩ። እኛ ጤና ባለሙያዎች አንድ ነገር ሲበላሽ ወዲያው የምንመዘው መድኃኒት «ግንዛቤ ማስጨበጥ» ነው። ፖስተር እናትማለን፤ በሬዲዮ እንናገራለን፤ ታካሚውንም «አልተረዳም» ብለን እንከስሳለን። የሃሚልተን ሠራተኞች ግን ተረድተው ነበር፤ ፊደልም የቆጠሩ ነበሩ።

ሳኬትና ሄይንስ እዚያ ላይ አላቆሙም። ስድስቱ ወር ሲያልቅ መድኃኒታቸውን በሚገባ ያልወሰዱና ግፊታቸውም ያልወረደ 38 ሠራተኞችን ወስደው በ1976 የታተመውን ሁለተኛ ሙከራ አደረጉ። ለ20ዎቹ መለኪያ ተሰጣቸውና ግፊታቸውን ቤታቸው ራሳቸው እንዲለኩ ተደረገ፤ ግፊታቸውንና የዋጡትን ክኒን እንዲመዘግቡ፣ ክኒኑንም ሳያስቡት ከሚያደርጉት ዕለታዊ ልማድ ጋር እንዲያስሩት ተረዱ፤ በየሁለት ሳምንቱም መዝገባቸውን የሚያይላቸው ሰው ተመደበላቸው። ያ ሰው ሐኪም አልነበረም፤ ነርስም አልነበረም፤ የጤና ሙያ ሥልጠና የሌለው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ያጠናቀቀ ሰው እንጂ። የእነዚህ ሠራተኞች የመድኃኒት አወሳሰድ በአማካይ በ21.3 በመቶ ሲሻሻል፣ የቀሩት 18ቱ በ1.5 በመቶ ቀነሱ። ከ20ው የ17ቱ ግፊት ወረደ። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ እርዳታዎቹም በአንድ ላይ ስለተሰጡ የትኛው እንደሠራ መለየት አይቻልም። ሆኖም መለኪያው በታካሚው እጅ ሲገባ ያ የቀድሞው ምሥጢር፣ በሐኪሙ ጆሮ ብቻ ይሰማ የነበረው ነገር፣ ወደ ባለቤቱ መመለሱን ልብ ይሏል።

በዚያው ፋብሪካ ሌላም ነገር ታየ። በ1978 ይኸው ቡድን እንዳሳተመው፣ ግፊት እንዳለባቸው ከተነገራቸው በኋላ ሠራተኞቹ በሕመም ምክንያት ከሥራ የሚቀሩባቸው ቀናት በ80 በመቶ ጨመሩ። አካላቸው ውስጥ የተለወጠ ነገር የለም፤ የተለወጠው ስለ ራሳቸው የሚያስቡት ነው። «ደም ግፊት አለብህ» ብለን በአንድ ደቂቃ ከክፍል የምናወጣው ሰው የሚሸከመውን ሸክም እኛ አንመዝነውም።

በአሜሪካ በ14 ማኅበረሰቦች 10,940 ሰዎችን ያቀፈው፣ በ1979 የታተመው ሰፊ ጥናት የዚህን ሁሉ ማጠናከሪያ ነው። ለአንዱ ወገን መድኃኒትና ምርመራ በነጻ ተሰጠ፤ የመጓጓዣ ችግር ተቃለለ፤ የመጠበቂያ ጊዜው አጠረ፤ የቀረው ተፈልጎ ተጠራ። ሌላው ወገን ወደ ተለመደው ሐኪሙ ተላከ። መድኃኒቶቹ በሁለቱም ወገን የሚገኙ ነበሩ። በአምስት ዓመት ውስጥ በመጀመሪያው ወገን የነበረው ሞት ከሁለተኛው በ17 በመቶ ያነሰ ሆነ።

እንግዲህ መረዳት ዋጋ የለውም ማለት ነውን? አይደለም። ከ1990ዎቹ ጀምሮ «የጤና መልእክትን አንብቦ ወይም ሰምቶ የመረዳትና የመጠቀም ችሎታ» ራሱን የቻለ የጥናት ዘርፍ ሆኗል። በ1998 በታተመ የዶክተር ማርክ ዊልያምስና ባልደረቦቻቸው ጥናት፣ በሁለት የአሜሪካ የመንግሥት ሆስፒታሎች ከሚታከሙ የግፊት ሕሙማን መካከል ችሎታው በቂ ከሆነላቸው 92 በመቶው 160 በ100 ከፍተኛ መሆኑን ሲያውቁ፣ ችሎታው ከሌላቸው ግን ያወቁት 55 በመቶ ብቻ ነበሩ። ለዓመታት ሲለኩ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ቁጥር መንገር ትርጉም መንገር አለመሆኑን ይህ ያሳያል።

ከቁጥሩም ስሙ ይብሳል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በኒው ኦርሊንስ ጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ብዙዎቹ ሁለት የተለያዩ በሽታዎች አሉ ብለው እንደሚያምኑ አሳይቷል፤ አንደኛው የደም መክበድና መሞቅ፣ ሁለተኛው የነርቭና የጭንቀት። የመጀመሪያውን በነጭ ሽንኩርት፣ በሎሚና በሆምጣጤ፣ ሁለተኛውን በመረጋጋት ያክሙታል። እንዲህ የሚያምኑት ሴቶች መድኃኒት አወሳሰዳቸው ከሌሎቹ ያነሰ ነበር። ይህን ያነበበ ኢትዮጵያዊ ሐኪም ሩቅ አገር የሄደ አይመስለውም። በእኛ ዘንድ በሽታው «ደም ብዛት» ይባላል። ስሙ ራሱ ምርመራውንም ሕክምናውንም ይዟል፤ በዛ የተባለ ነገር ይቀነሳል፤ ሲቀነስ ያልቃል። ነጭ ሽንኩርቱ፣ ሎሚው፣ ተልባው፣ ሽፈራው፣ አልፎ አልፎም ዋገምቱ የሚመጡት ከዚህ ነው። አንዲት እናት «ባለፈው ዓመት ደም ማነስ አለብሽ ብላችሁ ቀይ ሥር ስበላ ከረምኩ፤ ዛሬ ደግሞ ደም በዛ ትሉኛላችሁ» ብለው ሲስቁብኝ መልስ አጥቼ ነበር። አመክንዮአቸው እንከን የለውም፤ ጥፋቱ የስሙ ነው። ብስጭት የሚያመጣው ነው ብሎ የሚያምንም ሰው፣ ያልተበሳጨበትን ወር ክኒኑን ቢተው አያስገርምም። «ደም ብዛት ሳይሆን የደም ግፊት ነው» ብሎ ማረም ብቻ ግን አይበቃም፤ ውኃ በላስቲክ ቱቦ ሲገፋ አፉን ይዞ ማሳየት ከአንድ ገጽ ማብራሪያ የተሻለ ሲሠራልኝ አይቻለሁ።

ስለ ስም ከተነሣ የእኛም የሙያ ቃል ታሪክ አለው። በሳኬት ዘመን ነገሩ የሚጠራበት የእንግሊዝኛ ቃል «ታዛዥነት» የሚል ትርጉም ነበረው፤ ሐኪም ያዛል፣ ታካሚ ይታዘዛል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2003 ባወጣው ሪፖርት ግን ታካሚው ከባለሙያው ጋር የተስማማበትን ምክር መፈጸሙን የሚያመለክተው ሌላው ቃል ተመረጠ። በዚያው ሪፖርት፣ በበለጸጉት አገሮች እንኳ የረጅም ጊዜ መድኃኒት በአግባቡ የሚወስዱት ሕሙማን በአማካይ ግማሽ ያህሉ ብቻ መሆናቸው ተገልጿል። በአማርኛ «ቁርኝት» እንለዋለን። ቃሉ በጤና ተቋሞቻችን የተስፋፋው የፀረ-ኤች አይ ቪ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. በነጻ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ነው። ሥሩ ግን የቆየ ነው፤ በቀድሞው የፍትሕ ልማዳችን ባለዕዳና ባለገንዘብ፣ ከሳሽና ተከሳሽ አብረው የሚታሰሩበት «ቁራኛ» የሚባል ሥርዓት ነበር። እንደዚያ ከሆነ ማን ከማን ጋር ነው የተቆራኘው? በቁራኛ የታሰሩት ሁለት ናቸው፤ አንዱ ሲሄድ ሌላው አብሮ ይሄዳል። በኤች አይ ቪ ሕክምና ይህን በሚገባ አድርገነዋል፤ ነጻ መድኃኒት፣ የቁርኝት አማካሪ፣ ከቫይረሱ ጋር የሚኖሩ አጋዦች፣ የቀረን ሰው እስከ ቤቱ መፈለግ። ለደም ግፊት ግን «30 ፍሬ» ጽፈን ታካሚውን ከክኒኑ ጋር ብቻውን አቆራኘነው።

ጉዳዩ ቀላል አይደለም። በ2009 የታተመ፣ በአዲስ አበባ ዕድሜያቸው ከ25 እስከ 64 በሆኑ 3,713 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት ከወንዶቹ 31.5፣ ከሴቶቹ 28.9 በመቶው ከፍተኛ ግፊት እንዳለባቸው አሳይቷል። በ2015 በመላ አገሪቱ የተካሄደው ጥናት ደግሞ 16 በመቶ ገደማ አዋቂዎች ግፊት እንዳለባቸውና ከእነዚህም እጅግ የሚበዙት መድኃኒት እንደማይወስዱ አመልክቷል። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በመጀመሪያ ትኩረቱ በእናቶች፣ በሕፃናትና በተላላፊ በሽታዎች ላይ ነበር፤ ተላላፊ ያልሆኑት በኋላ ነው የተጨመሩት። የሃሚልተኑ ያ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ያጠናቀቀ ሰው ግን በየቀበሌያችን አለ፤ እንዲያውም የሠለጠነች ሆና። በኮሎምቢያና በማሌዥያ በ30 ማኅበረሰቦች፣ በ1,371 ሰዎች ላይ የተደረገውና በ2019 የታተመው ሙከራ ሐኪም ያልሆኑ የጤና ሠራተኞች፣ ነጻ መድኃኒትና ታካሚው ራሱ የመረጠው አንድ ቤተሰብ ወይም ጓደኛ ሲጣመሩ፣ የላይኛው ግፊት ከተለመደው ክትትል ይልቅ ወደ 11 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ ተጨማሪ መውረዱን አሳይቷል።

ወደ ልብስ ሰፊው ልመለስ። ቀኝ እጃቸው መቀስ መያዝ አልቻለም፤ መኪናውን የወንድማቸው ልጅ ይሰፋበታል። ከሆስፒታል በሚወጡበት ዕለት ልጃቸው አዲሱን የመድኃኒት ከረጢት አገላብጣ አየችና «ይኼኛውስ መቼ ነው የሚያልቀው፣ ዶክተር?» አለችኝ። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። እንደማያልቅ ነገርኋት፤ ከዚያም ያልኩትን መልሳ እንድትነግረኝ ጠየቅኋት። ለካስ ያልጠየቅሁት ብዙ ነበር። አባቷ ጠበል ሲገቡ መድኃኒት እንደማይወስዱ፣ በጾም ወቅትም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ እንደማይቀምሱ፣ ስለዚህ «ጠዋት አንድ» የሚለው ትእዛዝ በዓመት ውስጥ ለብዙ ቀናት የማይፈጸም መሆኑን የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ጠበሉና ክኒኑ እንደማይጣሉ ተነጋገርን። አባቷ ለአፍታ አሰቡና፣ ቤታቸው በጾምም ሆነ በፍስክ ከሰዓት በኋላ ቡና የማይፈላበት ቀን እንደሌለ ነገሩኝ። መድኃኒቱን ወደዚያ ሰዓት አዛወርነው። አሁን ክኒኖቹ ከረከቦቱ አጠገብ በትንሽ ቆርቆሮ ይቀመጣሉ፤ አቦሉ ሳይቀዳ በፊት ልጃቸው ሁለቱን ፍሬ በስኒ ማስቀመጫው ላይ ታኖርላቸዋለች። ባለፈው ቀጠሮ ግፊታቸው 138 በ84 ነበር፤ በግራ እጃቸው የጻፉት መዝገብም አብሯቸው ነበር። በካርዳቸው ላይ «አቋርጧል» የሚለው ቃል ግን አሁንም እንዳለ ነው።